የሳሙናው ስቲከር

«ትንሽ ብቻ ነው የምነካው» ብሎ መምህሩ ማውሱን ከጨበጠ ሩብ ሰዓት አለፈው። መጀመሪያ የስቲከሩን ፊደሎች አሳነሰ። ጥቁሩን ቀለም ሰማያዊ አደረገው። ከዚያ እጁ አልቆም አለው፤ ቅጠል ጨመረ፣ ጠርዙን አጠበበ፣ ራቅ ብሎ አየ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ስቲከሩን ያዘዘችው ደንበኛ ሦስት ሰዓት ላይ ትመጣለች። አሥር ደቂቃ ቀርቷል።

መምህሩ ሃያ ሁለት ዓመት ማተሚያ ቤት ሠርቷል። እዚያ ስህተት ያየ ሰው ያቃናል እንጂ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። አሁን በወጣቶች ማዕከል ዲዛይን ማስተማር ከጀመረ ስምንት ወሩ ነው፤ እሱ ጡረታ ቢወጣም እጁ ገና አልወጣም።

ስቲከሩን የሠራችው የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪው ናት። ሳትጠይቅ የምታልፈው ነገር ስለሌለ ጓደኞቿ «ለምንዬ» ይሏታል። የዕቃና የፀጉር ፈሳሽ ሳሙና የምታመርተው ሴትዮ ሥራዋን ከወደደችላት ደመወዝ እየከፈለች ታሠራታለች። ካልወደደችላት ግን አክስቷ ቁርጡን ነግራታለች፦ ሰኞ ትምህርቱ ይቀርና በአክስቷ ሱቅ ሻጭ ሆና ትቆማለች።

ልጅቷ ሁለት ጠርሙስ ታቅፋ ገባች። ስክሪኑን አየች።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ያንቺው ነው። ትንሽ አቃናሁት።»

«ፊደሉስ?»

«አለ፤ ይኸው እታች።»

«ለምን?»

«በናትሽ፣ አሁን የለምን ሰዓት አይደለም። አያምርም?»

«ያምራል» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ግን እኔ አልሠራሁትም።»

ሴትዮዋ ቁልፎቿን እያንቃጨለች ደረሰች። ስክሪኑን ስታይ ፊቷ በራ።

«ውይ! የውጭ ዕቃ መሰለልኝ እኮ! አንቺ ነሽ የሠራሽው የኔ ልጅ? እስቲ ንገሪኝ፣ ይቺን ቅጠል ምን አስበሽ ነው?»

ልጅቷ መምህሯን አየች። መምህሩ ጣሪያውን አየ፤ ጣሪያው ላይ ምንም አልነበረም።

«እሷ እንኳ… ያሰበችው…» ብሎ ጀመረ። ወዴት እንደሚሄድ ጠፋው። ተነሣ፣ ተቀመጠ። «ቅጠሉ የእኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሳላስፈቅዳት ነካካሁባት። የእሷ ይሄ ነው።»

የመጀመሪያውን ፋይል ከፈተ። በአንዱ ጠርሙስ ስቲከር ላይ «ዕቃ»፣ በሌላው ላይ «ፀጉር» የሚል ቃል ጥቁርና ግዙፍ ሆኖ ተገትሯል።

«ይሄማ የመንገድ ምልክት ነው!» አለች ሴትዮዋ።

«ሱቅዎ በር ላይ ሁለት ቀን ቆሜ የገዙትን ሰዎች ጠየቅሁ» አለች ልጅቷ። «ከዘጠኙ አራቱ ፀጉራቸውን በዕቃ ሳሙና ታጥበዋል። ጠርሙሱ አንድ ዓይነት ነው፤ ጽሑፉ ደቃቃ ነው። አረፋ ዓይኑ የገባ ሰው ደግሞ በግማሽ ዓይኑ ነው የሚያየው።»

ሴትዮዋ አንዱን ጠርሙስ ተቀብላ ጽሑፉን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«ባለቤቴንም ቁጠሪው» አለች። «አምስት። እሱስ ጮኾ ጎረቤት ነው የሰበሰበው።»

መምህሩ ሳቀ። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም።

«ቁም ነገር አለው። ግን እንዲህ አስቀያሚ ሆኖ ከእኔ ቤት አይወጣም። ሰማያዊው ይግባ።»

«ፊደሉ ካላነሰ ይግባ» አለች ልጅቷ።

«እንግዲያው እዚሁ ፊቴ ሥሪው። ደስ ካለኝ ሰኞ ትጀምሪያለሽ፤ ካላለኝ ደግሞ እንዳትቀየሚኝ።»

መምህሩ ወንበሩን ለቀቀላት። ልጅቷ ተቀምጣ ሰማያዊውን አስገባች፤ ፈዘዘባት። ሰረዘችው። ሌላ አስገባች፤ ይሄኛው ጨለመ። ሴትዮዋ ሰዓቷን አየች። መምህሩ የትኛው ሰማያዊ እንደሚሆን ያውቃል፤ ሁለት ጊዜ መጫን ብቻ ነው የሚፈልገው። ከልጅቷ ትከሻ በላይ ጎንበስ አለ። እጁ ማውሱ ዘንድ ሊደርስ ስንዝር ቀረው።

«ውጭ ነኝ» አለ።

ወጥቶ በሩን ዘጋና ኮሪደሩ ላይ ጀርባውን ለክፍሉ መስታወት ሰጥቶ ቆመ።