የጠበበው ኮሌታ

ልብስ ሰፊው የሸሚዙ ኮሌታ አልዘጋ ሲለው በመጀመሪያ የወቀሰው ሚስቱን ነበር።

«በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈሽ አኮማተርሽው።»

«እኔ ሸሚዝህን እንጂ አንገትህን አልዘፈዘፍኩ» ብላ ሳቀችበት።

እሱ ግን ባለሙያ አይደል? ቁልፉን በጠሰና ወደ ጠርዙ አስጠግቶ ተከለው። ሰነባብቶ እንደገና ጠበበ፤ እንደገና ፈቀቅ አደረገው። አንገቱ ላይ የወጣችውን እብጠት እጁ ሳያገኛት ቀርቶ አይደለም። ከጆሮው በታች፣ ከባቄላ ፍሬ ተነሥታ እያደገች የሄደች፣ ጠጠር ያለች፣ ቢገፏት የማትነቃነቅ ናት። ስላላመመችው ተዋት፤ እሷ ግን አልተወችውም። መቀስ ይዞ እጁ ወደ አንገቱ፣ ጨርቅ እያሰመረ እጁ ወደ አንገቱ። ደንበኛ «ምን ይበላሃል?» ሲለው «ክር ነው» ይላል።

አንድ ቀን ታላቅ እህቱ መጋረጃ ልታሳጥር መጣችና እጇን ወደ አንገቱ ሰደደች።

«ይሄ ምንድን ነው? ጉንፋን ይዞህ ነበር?»

«የለም፣ እትዬ።»

«ጥርስህንስ አሞህ ነበር?»

«ደህና ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ኮሌታውን ገለጠ። የበጠሳቸው ቁልፎች የተዉት የመርፌ ቀዳዳ ተደርድሮ ይታያል። «ይቺ ዝናብ ሳይገባ… ይቺ ልጅሽ ስትመረቅ… ይቺ ደግሞ ሰሞኑን» እያለ ድምፁ ወረደ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንድ ላይ አስቧቸው አያውቅም።

«ሐኪም ቤት ሄጄ ክፉ ነገር ቢነግሩኝስ?»

«ባትሄድ ደግ ይሆንልሃል? ተነሥ።»

ሐኪሟ አንገቱን ዳበሰች፣ አፉንና ጉሮሮውን አየች፣ በመርፌ ናሙና ወሰደች። «ከጉንፋን የመጣ እብጠት በሁለት በሦስት ሳምንት ይጎድላል። ሳያም እየጠጠረ የሚያድገውን ግን ቶሎ ማሳየት ነበር» አለችው። ውጤቱ እስኪመጣ ልብስ ሰፊው ወንበር አልመች አለው፤ እጅጌ ገልብጦ ሰፋ፣ ፈታ፣ መልሶ ገልብጦ ሰፋ።

በቀጠሮው ቀን እህቱን አስከትሎ ገባ።

«ክፉው ዓይነት፣ ካንሰር ነው» አለች ሐኪሟ ሳትሸፋፍን፤ «ግን ገና ከቦታው አልወጣም። ቀደን እናወጣዋለን።»

«ስፌቱን ማን ነው የሚሰፋው?»

«እኔ ነኝ።»

«እጅሽ አይንቀጠቀጥም?»

«የሚንቀጠቀጠውስ የእርስዎ ነው፣ አባቴ።»

እጆቹን ከጭኑ ሥር ደበቃቸው። እህቱ «እስኪ ቤት ሄደን እንምከርበት» ስትል ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ።

«ቀኑን አሁኑኑ ቁረጪልኝ፣ ዶክተር። ቤት ከገባሁ ሌላ ሰበብ አላጣም።»