የኢብሮ ቃሬዛ

ወንድሜን ኢብሮን ዳግመኛ ሊቀብሩት ነው ሲሉኝ አልደነገጥኩም። ደክሞኝ ነበር። ፊልም ሠሪዋ ቅድስት ታሪኩን ልትቀርጽ ወደ ቆቦ ከመጣች ጀምሮ ሲታሰርም ሲፈታም፣ ሲሰደብም ሲጨበጨብለትም አይቻለሁ። እሱን ሆኖ የሚሠራው ደሴ ያደገ መልከ መልካም ልጅ ነው። ኢብሮ መልከ መልካም አልነበረም።

እኛ የቀጥቃጭ ልጆች ነን። አባታችን ማረሻና ማጭድ እየሠራ አገሩን ሲያሳርስ ኖረ፤ ቤታችን ገብቶ እህል የቀመሰ ግን የለም። አገሩ የሚቀባበርበት ማኅበር፣ ቅሬውም አያስገባንም። ሰው ሲሞትብን ራሳችን ተሸክመን ራሳችን እንቀብራለን። ኢብሮ ይህን እምቢ አለ። ማሽላ የሚዘራበት ወር ሲደርስ ቀጥቃጮቹን ሰብስቦ፣ «ቅሬ እስክንገባ ማረሻ አንሠራም፤ የዶለዶመም አንስልም» አስባለ። ዝናቡ መጥቶ ሄደ። የስንቱ ማሳ ጦም አደረ። የኛም ወናፍ ተዘጋ፤ አባቴ እስኪሞት ድረስ አልታረቀውም። ዛሬም ግማሹ ሰው ኢብሮ ቀና አደረገን ይላል፣ ግማሹ አስራበን ይላል።

ሲሞት ቅሬው ቃሬዛውን ከለከለ። ዘመዶቻችን በተኛበት አልጋ ተሸክመው ወሰዱት። መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም።

አሁን ቅድስት ለቀብሩ ያገሩን ሰው ጠራች። የቅሬው ሰብሳቢ ጋሽ ረዲ ያንኑ ቃሬዛ አስይዘው መጡ። በላዩ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ገለባ አጋደሙ።

«ቅድስት፣ ማንም አልመጣም እኮ ነው የምልሽ» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ እትዬ ሰልዋ። ግን ፊልሙ እንዲህ ደርቆ ቢያልቅ ማን ያየዋል? ሰው ትንሽ ተስፋ ይፈልጋል።»

«ተስፋውን ወንድሜን ካልተሸከሙት ሰዎች ነው የምትወስጂው?»

ወደ ካሜራዋ ዞረች። ፀሐዩ ሳይበረታ መቅረጽ ነበረባት።

ጎረቤቴ ወለላ አጠገቤ ቆማለች። ያኔ ማሳቸው ጦም ካደረባቸው አንዷ ናት። «በቁሙ ያስራበኝ ሳያንስ፣ ሞቶ ደግሞ ፀሐይ ላይ ገተረኝ» አለች። ሳላስበው ሳቅሁ።

ቃሬዛው ተነሣ። «ላ ኢላሀ ኢለላህ» እያሉ አለፉ። አንድ ባለባጃጅ እውነት መስሎት ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ከዚያ ቅድስት «በቃ!» ብላ ጮኸች። ማንም አላወረደም።

«ምኑ ነው በቃ?» አሉ ጋሽ ረዲ። «ቃሬዛ ወጥቶ መንገድ ላይ አይጣልም።»

እስከ መቃብሩ አደረሱት። ሲመለሱ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ ብዬ ነበር፤ እኔ ግቢ ገቡ።

«ለገለባ ነው የምትቀመጡት?» አልኳቸው።

«ቃሬዛው የቅሬው ነው፣ ልጄ። የተሸከመ ሰው ለቅሶ ቤት ሳይቀመጥ ቤቱ አይገባም።»

ለፊልም ሠሪዎቹ የቀቀልኩት ንፍሮ ነበር። በኛው ሳህን አድርጌ መካከላቸው አስቀመጥኩት። ሁሉም ሳህኑን አዩ። እጁን የሰደደ የለም። እኔም ብሉ አላልኩም፤ ለመለመን አቅም አልነበረኝም።

ጋሽ ረዲ ቅድስትን ጠሯት። «ያን ጊዜ አልመጣንም። ቃሬዛውን የከለከልኩ እኔ ነኝ። ፊልሙ ላይ አልጋውን አሳዪ» አሏት። ከዚያ ዘግነው በሉ፤ ወደ እኔ ሳያዩ፣ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» አሉኝ። ይህን የማጽናኛ ቃል ስጠብቅ ነው ያረጀሁት።

ቅድስት ካሜራዋን ስታነሣ አየኋት።

«ይሄን ተዪው» አልኳት። አወረደችው።

ሌሎቹ አንዳንዱ በላ፣ አንዳንዱ እፍኙ ውስጥ ይዞ ቆየ። ወለላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። «ቤቴ እበላዋለሁ» አለች። አላመንኳትም። ቢሆንም ይዛው ሄደች።

በማግስቱ አልጋውን አሸክመው በባዶው መንገድ ቀረጹ አሉ። እኔ አላየሁም። ሳህኑን እንኳ ሳላጥብ ተኝቼ አረፈድኩ።