ለእርጉዝ የተከለከለ ወተት

ሰኮሩ ስደርስ ልጄ ሐጂራ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። ከጅማ ስመጣ መንገዱን ሙሉ ክፉ ክፉውን ሳስብ ነበርና ቆማ ሳያትም ልቤ አልረጋም። ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ባሏ ቲጃኒ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ የምትኖረው ከእናቱ ከአዴ ፈድሊያ ጋር ነው።

«ባቴን ይጨመድደኛል፣ እማ። ወገቤም ቀና አላደርግ ብሎኛል» አለችኝ።

ሳልቀመጥ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሲስተር ውብነሽ የምትባል ነርስ እግሯንና ወገቧን ጫን ጫን እያደረገች ካየች በኋላ «ወተት ትጠጫለሽ?» አለቻት።

ሐጂራ ዞር ብላ አየችኝ። «እርጉዝ ወተት ትጠጣለች እንዴ?»

እኛ ዘንድ አትጠጣም። ወተቱ በሕፃኑ ራስ ላይ ይለጠፋል፣ ልጁም ፋፍቶ መውጫ ያጣል ይባላል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ባዮሎጂም ተምሬያለሁ። ሐጂራን ሳረግዝ ግን አንድ ጉንጭ አልቀመስኩም።

«ልጅቷ ራሷ ገና እያደገች ነው» አለች ውብነሽ። «አጥንቷ ተሠርቶ አላለቀም። ሕፃኑም አጥንቱን የሚሠራበት ካልሲየም ይፈልጋል። ከምትበላው ካጣ ከእሷ አጥንት ይወስዳል። ወተት ትጠጣ፣ ጎመን ትብላ፣ ፀሐይ ትሙቅ።»

«ልጁ ቢተልቅባትስ? ዳሌዋን እይው፣ የሕፃን ነው።»

«እሱን ብለሽ ታስርቢያታለሽ? ወሯ ሲገባ ጅማ ውሰጃትና ሆስፒታል ትውለድ።»

ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። ቢሆንም ስንመለስ ወተት ላስጠጣት ቆርጬ ነበር። አዴ ፈድሊያ ላሟን አልበው ሲነሡ ደረስንና ነርሷ ያለችውን ነገርኳቸው።

«ማሎ ረሺዳ፣ የልጅ ልጄን ኖራ ልትቀቢልኝ ነው?» አሉ።

«ነርሷ እኮ ናት ያዘዘችው፣ አዴ።»

«ነርሷ ወልዳለች?»

«እሱን አልጠየቅኋትም።»

«እኔ ስምንት ወልጃለሁ። ወተት ሳልነካ።»

«ጥርስዎስ የት ሄደ?» አልኩ፤ አፌ ቀደመኝ። ሐጂራ በሻሿ አፏን ሸፈነች። አዴ ፈድሊያ ከንፈራቸውን ገጠሙ፤ አሁን አባረሩኝ ብዬ ጠበቅሁ። ሳያባርሩኝ ልጨርስ ብዬ ወደ ላሟ ጠቆምኩ።

«ይህቺ ስታረግዝ ለምን ሆራ ይነዷታል?»

«ጨዋማውን ውኃ ካልጠጣችማ ትደክማለች። አጥንት ስትልስ ትውላለች። ስትወልድም መነሣት ያቅታታል።»

«ማን አስተማረዎት?»

«ማን ያስተምረኛል? በዓይኔ አይቼ ነው።»

«እንግዲያው ይህቺንም ይዩአት።»

ሐጂራ ልትቀመጥ ነበር። በአንድ እጇ ወገቧን፣ በሌላው የበሩን መቃን ይዛ፣ እንደ አሮጊት ቀስ እያለች ወደ በርጩማው ወረደች። አዴ ፈድሊያ እስክትቀመጥ ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ከዚያ ወተቱን አፈሉና እስከ ኩባያው ግማሽ ቀዱ።

«ውስጥ ትጠጣው፤ ጎረቤት እንዳያይ» አሉ።

«ደጅ ትጠጣ። ፀሐይም ታዝዞላታል።»

«ወላሂ አንቺ ሴት ቀበሌውን ሁሉ ልትጠሪብኝ ነው።» ይህን እያሉ በርጩማውን ራሳቸው ደጅ አወጡት። ሐጂራ ስትጠጣም ዓይን እንዳይበላት ነጠላቸውን ዘርግተው ከአጥሩ በኩል ቆሙ።

«ራሱ ላይ ቢለጠፍ የምታጥቢው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

«አጥባለሁ፣ አዴ።»

ምጡ ቢጠናባት፣ መኪና ብናጣ የሚለው ሐሳብ አሁንም አልተወኝም። ግን ወሯ እስኪገባ እዚሁ ልከርም፣ ከዚያም ይዣት ጅማ ልወርድ ወስኛለሁ። ነገ ደግሞ ኩባያው እንዲሞላ እጠይቃለሁ።