የማይንደረደረው መኪና

በአንድ የጭነት ድርጅት ውስጥ የነዳጅ ተቆጣጣሪ ሆኜ አስራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። መኪና ሲወጣ ኪሎሜትሩን እጽፋለሁ፤ ሲመለስ ስንት ሊትር ናፍጣ ጠጥቶ ስንት እንደተጓዘ አሰላለሁ። በሊትር አራት ኪሎሜትር የሄደ አለፈ። ከዚያ ያነሰ ቢሮዬ ይጠራል። ሾፌሮቹ «ጠብታ» ይሉኝ ነበር፣ አንዲት ጠብታ አታመልጠውም ለማለት። እኔ ደግሞ እንደ ሙገሳ እቆጥረው ነበር።

ከሾፌሮቹ አንዱ የታላቅ እህቴ ባል ናቸው። እናታችን ስትሞት በአስራ ሁለት ዓመቴ ቤታቸው ገባሁ፤ አሳድገው፣ አስተምረው ለወግ ለማዕረግ ያበቁኝ እሳቸው ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ድርጅቱም ውስጥ ያስገቡኝ እሳቸው ነበሩ፤ ይህንንም የማያውቅ ሠራተኛ አልነበረም።

አንድ ክረምት የጋሼ መኪና ናፍጣ አልበቃ አለው። መጀመሪያ በሊትር ሦስት ተኩል፣ ወር ሳይሞላው ሦስት ኪሎሜትር ላይ ወረደ። መንገዱ ያው፣ ጭነቱም ያው። ጠራኋቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«መኪናው ታሟል» አሉኝ። «ቁልቁለት ላይ እግሬን ሳነሳ እንኳ አይንደረደርም። የሆነ ነገር ወደ ኋላ ይጎትተኛል።»

«ጋራዥ አይቶታል እኮ ጋሼ። ሞተሩ ጤነኛ ነው ብለዋል።»

«ሞተሩን መቼ አልኩህ? እስቲ አንድ ቀን አብረኸኝ ሂድና በዓይንህ እየው።»

«ሥራ በዝቶብኛል» አልኩ።

አልበዛብኝም ነበር። ግን ኮሪደር ላይ የሚባለው ጆሮዬ ደርሷል። «ሌላ ሰው ቢሆን ይሄኔ ደብዳቤው ወጥቶ ነበር። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ!» እንደማላዳላ ላሳያቸው ፈለግኩ። ሌላውን ሾፌር ሁለቴ ሳላስጠነቅቅ አልጽፍበትም፤ በጋሼ ላይ ግን አንዴም ሳላስጠነቅቅ ጻፍኩ። «ናፍጣው ከመኪናው እየተቀዳ እንደሚሸጥ እጠረጥራለሁ» ብዬ።

ሥራ አስኪያጁ አንብቦ ቀና አለ። «እርግጠኛ ነህ? አማችህ ናቸው እኮ።»

«ቁጥር አማች አያውቅም» አልኩት። ስናገረው ኩራት ተሰምቶኝ ነበር።

ጋሼ ከሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎት በኋላ ተሰናበቱ። ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው፣ «ሌላ ሰው ቢጽፈው ምናለበት» ብለው ወጡ። ማታ እህቴ ደወለች። «እየው ሲልህ ሄደህ አየኸው?» መልሴን ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋችው።

መኪናው ለሌላ ሾፌር ተሰጠ። በመጀመሪያው ሳምንት በሊትር ሦስት እንኳ አልሞላም። በሁለተኛው ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። በሦስተኛው መካኒኩን ይዤ ጋቢና ውስጥ ተሳፈርኩ። ትልቁ ቁልቁለት ላይ ሾፌሩ እግሩን አነሳ፤ ያ ሁሉ ጭነት ያለበት መኪና ጭቃ ውስጥ እንደገባ ሰው እያዘገመ ሊቆም ደረሰ።

«ጥግ ያዝ!» አለ መካኒኩ።

ወርዶ በክሪክ አነሳው። የኋላው ግራ ጎማ በሁለት ሰው ጉልበት አልዞር አለ፤ ወላፈኑም ፊታችንን ገረፈን።

«የፍሬን ሸራው ጎማውን አልለቀቀም» አለ። «ሲሞቅ ነው የሚይዘው። ጋራዥ ቆሞ ሲያድር ስለሚለቅ ማንም አላየውም። ሾፌሩ ናፍጣ ይሰጠዋል፣ ፍሬኑ ደግሞ ይይዘዋል፤ ሲጓተቱ ይውላሉ። ምን ናፍጣ ይበቃዋል? ወራት ሆኖታል። የፊተኛው ሾፌር አልተናገሩም?»

«ተናግረዋል» አልኩ።

ፍሬኑ ሲጠገን መኪናው አራት ኪሎሜትሩን አልፎ ሄደ። የጻፍኩት ሐሰት መሆኑን፣ ጥፋቱም የእኔ እንደሆነ በደብዳቤ ገልጬ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩ። ድርጅቱም ጋሼን ወደ ሥራቸው ጠራ። ጥሪውን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ።

እህቴ በሩን ከፍታ፣ ሳትስመኝ ወደ ጓዳ ገባች። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ጋሼ በክንዴ ያዙኝ።

«የቱ ጎማ ነው?» አሉ።

«የኋላው ግራ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «የጋራዡን ሰዎች ፍሬን እዩልኝ ብያቸው ነበር። ቆሞ ያደረ መኪና ነካክተው ሳቁብኝ።»

«ተመለሱ ጋሼ። ሁሉም እውነቱን አውቋል።»

«አሁን አወቀ። ያኔ ግቢውን አቋርጬ ስወጣ ግን ማን ቀና ብሎ አየኝ? አንተን ይቅር ብዬሃለሁ፤ ልጄ ነህ። መሪ ግን ከእንግዲህ አልጨብጥም።»

ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት ከሾፌሩ ጋር ተሳፍሬ እሄዳለሁ፤ ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ ዳገቱን አያለሁ። ለጋሼ ግን አልጠቀማቸውም። በየእሁዱ እጠይቃቸዋለሁ፤ እህቴም ውላ አድራ ማናገር ጀምራለች። ልጅ ሳለሁ ከመንገድ ሲመለሱ ስለ ኩርባው፣ ስለ ጉሙ፣ ስለ ድልድዩ አውርተው አይጠግቡም ነበር። አሁን ስለ መኪና ካነሳሁ ቀስ ብለው ስለ ልጆቼ ትምህርት ይጠይቁኛል።