ለናፍጣዋ የፈላ ውሃ

ከሰው ይልቅ ሞተር ይገባኛል ስል ባለቤቴ ትርንጎ ትስቅብኛለች፤ ሲብስባት ደግሞ ሄደህ ከሞተርህ ጋር እደር ትለኛለች። እውነቴን ነው። ሞተር ሲታመም አይደብቅም። ጭሱ ይነጣል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ ውሃው ይጎድላል። ሰው ግን ውስጡ እየተሰነጠቀ ደህና ነኝ ይልሃል። አዶት ዘይባም እንዲህ ነበሩ።

አዶት በእኛ በጉራጌዎች አፍ እናት ማለት ነው። አዶት ዘይባ የከድሮ እናት ናቸው። ከድሮ ደግሞ ከአረቅጥ ወልቂጤ እየተመላለሰ ሰው የሚጭን ሾፌር ነው። እኔ ወልቂጤ መናኸሪያው ጀርባ ጋራዥ አለችኝ፤ መኪናዋን ከገዛ ጀምሮ ከእኔ ሌላ መካኒክ ነክቷት አያውቅም። ቢነካትም ኖሮ እጣላው ነበር።

መኪናዋ ነጭ፣ ትንሽ፣ የናፍጣ መኪና ነበረች። ሞተሯ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌላት፣ ጉልበቷ ከስድሳ ፈረስ ብዙም የማያልፍ። ናፍጣ አትጠጣም፤ በአንድ ሊትር አስራ አምስት ኪሎ ሜትር ስትሄድ ሾፌር ሁሉ ይቀናባት ነበር። ጠባይዋን ግን የማውቀው እኔ ነኝ። ቺንጋዋ፣ የሞተሯ የጎማ ቀበቶ፣ በጊዜው ካልተቀየረ ተበጥሶ ቫልቮቿን ያጣምማል። ከሁሉ የባሰ ጠላቷ ሙቀት ነው። የሞተሯ አካል ብረት፣ ራሷ አሉሚኒየም ስለሆነ ከልክ በላይ ስትሞቅ ሁለቱ እኩል አይለጠጡም፤ ያን ጊዜ ራሷ፣ እኛ ቴስታታ የምንለው፣ ይሰነጠቃል። ቴስታታው አንዴ ከተሰነጠቀ በኋላ መኪናዋ የዶሮ ማደሪያ ናት።

ብርድም አትወድም። የናፍጣ ሞተር የእሳት ብልጭታ የለውም፤ ናፍጣው የሚነደው በታመቀ አየር ሙቀት ነው። ስለዚህ ማለዳ ላይ አየሩን የሚያሞቁ ትናንሽ ካንዴላዎች አሏት። የከድሮ መኪና ካንዴላዎች ግን ከተቃጠሉ ዓመታት አልፈዋል። ወልቂጤ ከአረቅጥ አንፃር ቆላ ስለሆነ ያለ እነሱም ትነሳለች። አረቅጥ ደጋ ነው፤ ሌሊቱን ውርጭ ይወርድና ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። እዚያ ያለ ካንዴላ አትነሳም።

ትነሳ የነበረው በአዶት ዘይባ ነው። ከድሮ ማታ ማታ የራዲያተሩን ውሃ ያፈስሳል፣ ውርጩ እንዳይጎዳት። አዶት ዘይባ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ከምንጭ ያስቀዱትን ውሃ በትልቅ ማንቆርቆሪያ ያፈላሉ። ከድሮ የሞተሩን ክዳን ሲከፍት እሳቸው ራሳቸው እያዘገሙ ወጥተው ራዲያተሩ ውስጥ ያፈስሱላታል፤ ሞተሯ ሙቀቱ ሲደርሳት ቀስ ብላ ትነሳለች። ለዓመታት እንዲህ ኖሩ። እኔ አዲስ ካንዴላዎች ገዝቼ በመፍቻ ሳጥኔ ውስጥ አስቀምጬ ነበር፤ ልግጠምልህ ባልኩት ቁጥር ከድሮ ይስቃል። እናቱ በነገሩ ተቀይመው፣ እኔ እያለሁ ምን ካንዴላ ያስፈልጋል፣ ማለዳ ለምን ልነሳ ነው ታዲያ፣ ብለውታል አለኝ። ተውኩት።

ከ97ቱ ምርጫ በፊት በነበረው ዓመት መኪናዋ ዳገት ላይ መሞቅ ጀመረች። ራዲያተሩን ብፈታው ቧንቧዎቹ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ተጋግሮ ውሃው መተላለፊያ አጥቷል። ከየወንዙ እየቀዳህ ብትሞላ ይኸው ነው ብዬ ከድሮን ተቆጣሁት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፤ ጨዋ ልጅ ነው። የቻልኩትን ያህል ፋቅሁት፤ ሁሉም ግን አልወጣም። ቴስታታው እንዳይሰነጠቅ ሰግቼ ሌላ ራዲያተር እስኪገኝ ወደ ደጋ እንዳይወጣ አስጠነቀቅሁት። የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩን ከነካች ቁም፤ ሞተሩን አጥፋ፤ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳታፈስስ። ይህን ስል አዶት ዘይባ አጠገባችን ነበሩ። ለሕክምና ወርደው እኛ ቤት አርፈው ነበርና ጥሞና ሰጥተው ያዳምጡኝ ነበር።

ሕመማቸው የጉበት ነበር። ሰውነታቸው እየከሳ ሆዳቸው እየተነፋ ሄደ። አንድ ማክሰኞ ማለዳ ሐኪሙ ከድሮን ለብቻው ጠርቶ ወደ ቤታቸው ውሰዳቸው፣ ምናልባት ማታን ላያዩ ይችላሉ አለው። አዶት ዘይባም ቀድመው ያወቁት ነገር ነበር። የሚለምኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤታቸው ገብተው፣ ደጃፋቸው ላይ ያለውን ጀፎረ እያዩ መሞት። ጀፎረ ቤቶች ግራና ቀኝ የሚሰለፉበት ሰፊው የሣር መንገዳችን ነው፤ ሙሽራም እንግዳም ሬሳም የሚያልፈው በእሱ ነው። እሳቸውም ሙሽራ ሆነው የገቡት በእሱ ነበር።

የገበያ ቀን ስላልነበረ ወደ አረቅጥ የሚወጣ መኪና እስከ ከሰዓት አልነበረም። ከድሮ ጋራዤ መጥቶ ቆመ። በር ዘጋሁና ሳጥኔን ይዤ እኔም እሄዳለሁ፣ በእርጋታ ከሆነ ትወጣለች አልኩት። የፊቱን ወንበር ወደ ኋላ አስተኝተን አዶት ዘይባን በጋቢ ጠቅልለን አጋደምናቸው። እኔ ከኋላ ሆኜ መርፌዋን መጠበቅ ያዝኩ።

እስከ እምድብር ደህና ሄድን። አገናን ካለፍን በኋላ ጠጠሩ መንገድ ዳገቱን ሲይዝ መርፌዋ ማሻቀብ ጀመረች። ከድሮ ነዳጅ ቀነሰ። ማርሽ ቀየረ። መርፌዋ አልሰማችውም፤ ቀዩን ነካች። በመስታወት አየኝ። መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ግን የእናቱን ትንፋሽ እየሰማሁ፣ አረቅጥ ከጉብታው ባሻገር መሆኑን እያወቅሁ፣ በምን አፌ ቁም ልበለው? መኪናዋ ትሰንጠቅ፣ ትቃጠል፣ ብቻ ታድርሳቸው ብዬ በልቤ ጸለይኩ። በሥራዬ ዘመን ሞተር እንዲሞት የፈቀድኩት ያኔ ብቻ ነው።

አዶት ዘይባ ዓይናቸውን ሳይገልጡ በጉራግኛ ተናገሩ።

«ከድሮ፣ ጠምቷታል። አቁማት።»

«ደርሰናል እማ። ትንሽ ነው የቀረን።»

«ድምፅዋን አውቀዋለሁ። እሷ ከሞተች ልጆችህን በምን ታበላለህ? አቁማት።»

ከድሮ ሳያቆም ጥቂት ሄደ። እናቱ እጃቸውን አንስተው ክንዱ ላይ አሳረፉት፤ ያን ጊዜ አቆመ።

ሞተሩ ሲጠፋ ራዲያተሩ ሲንተከተክ ይሰማል። ከታች ካለው ምንጭ ውሃ ቀድተው የሚወጡ ሴቶች ጭሱን አይተው ሮጠው መጡ። አንደኛዋ ጀሪካኗን ከፍታ ልታፈስስበት ስትል ጮህኩባት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ሴትየዋ ለደግ ነበር የመጣችው። ቀዝቃዛ ውሃ የፈሰሰበትን የጋለ ብረት ግን የማንም ደግነት ከመሰንጠቅ አያድነውም። ከመጠበቅ በቀር ምንም የሚሠራ አልነበረም። እኔ ደግሞ መጠበቅ እንደዚያ ቀን ጠልቼ አላውቅም።

ስንጠብቅ የአዶት ዘይባ ትንፋሽ ተለወጠ። ከድሮ ጎንበስ ብሎ ፊታቸውን አየና ቀና ብሎ ሰማዩን፣ ቀጥሎም መንገዱን አየ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ፊቷ ወደ ቂብላ አይደለም» አለኝ።

መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ አረቅጥ አድርጋ ነበር የቆመችው። ቂብላ ደግሞ በስተጀርባችን፣ ወደ መጣንበት ቆላ በኩል ነው። አዶት ዘይባን አውጥተን መሬት ላይ እንዳናጋድም ብርዱ አላስቻለንም፤ ሞተሩን አስነስተን እንዳንዞር ገና የጋለ ነው። ስለዚህ ከድሮ ማርሹን አወጣና አንድ እጁን መሪው ላይ አድርጎ በበሩ በኩል ገፋ፤ እኔ ከኋላ ገፋሁ። መንገዱ ጠባብ ነበር። ወደፊት፣ ወደኋላ፣ እንደገና ወደፊት። የተቆጣኋቸው ሴቶች ጀሪካናቸውን አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከእኔ ጋር ገፉ። የጎማው ስር ጠጠር ብቻ ይሰማ ነበር።

መኪናዋ ዞራ ስትቆም አዶት ዘይባ ዓይናቸውን ገለጡ። በመስታወቱ ፊት ለፊት የሚታየው የቆላው ጭጋግ ነው።

«ቤቴ ከኋላዬ ሆነ?» አሉ።

«አዎ እማ። ከኋላሽ ነው።»

«ይሁን። ቤቱ ለእናንተ ነው።»

ከድሮ ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብሎ ላ ኢላሃ ኢለላህ አላቸው። ከንፈራቸው ተከተለው። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ቆቤን አውልቄ ከመኪናዋ ኋላ ቆምኩ። ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከድሮ በዝግታ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ ሞት ሲደርስ የሚባለውን፣ ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን ሲል ሰማሁ።

ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑን ከፍቼ ያቺ የተቆጣኋት ሴት የሰጠችኝን ውሃ ቀስ አድርጌ ሞላሁ። ቁልፉን ሳዞረው ወዲያው ተነሳች። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር። ጠላኋት። ከድሮ ከኋላ እናቱን ታቅፎ፣ እኔ እየነዳሁ፣ መኪናዋን እንደገና አዙረን አረቅጥ ገባን። መርፌዋ መሃል ላይ ቆማ አልተነቃነቀችም። ጀፎረው ላይ ስንወጣ ሰው ከየደጃፉ እየወጣ ተከተለን። አዶት ዘይባ በጀፎረው አለፉ፤ ማየቱ ብቻ ቀረባቸው። የአስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ ከባለቤታቸው ጎን ተቀበሩ።

እዚያው አደርኩ። ሲነጋ ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። እኔ ወልቂጤ መመለስ ነበረብኝ፤ ከድሮ አደርስሃለሁ ብሎ ለቅሶውን ለወንድሞቹ ትቶ ወጣ። ውሃዋን ማታ አፍስሶላት ነበር፤ እጁ ልማዱን አልረሳም። የከድሮ ሚስት ሃፊዛ ከቤት ወጣች። የአማቷን ትልቅ ማንቆርቆሪያ ይዛለች፤ ውሃው ይጨሳል። ማንም አላዘዛትም።

ልቀበላት ስል ክዳኑ ተከፈተና ውስጡን አየሁት። ከጠርዙ እስከ ወገቡ ነጭ ቅርፊት ተጋግሮበታል። ያን ቅርፊት በእጄ የፋቅሁት ስለሆነ ሳየው ለየሁት። ውሃው የወንዝ አልነበረም፤ በየማለዳው የሚፈላው ያ የምንጭ ውሃ፣ ያ የእናት ውሃ ነበር የራዲያተሩን ቧንቧ የዘጋው። መንገድ ላይ ያስቆመን እሱ ነው። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩት። ይህን ለከድሮ አልነገርኩትም፤ አልነግረውምም። ትርንጎ እንኳ ይህን ዛሬ ነው የምትሰማው።

ከድሮ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ቆሞ ነበር። ማንቆርቆሪያውን አየው፤ ሃፊዛን አያት፤ ከቀብሩ ጀምሮ ያላፈሰሰው እንባ ያኔ መጣበት። ፊቱን በመዳፉ ጠረገና ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ካንዴላዎቹን አሁን ግጠምልኝ» አለኝ። «ውሃ ታፈላልኝ የነበረችው የለችም።»

ሃፊዛ ውሃውን ሣሩ ላይ አፈሰሰችው። እኔም ሳጥኔን ከፍቼ መፍቻዬን አነሳሁ።