ሲሊንደሩን ዘግተሽዋል?

ልቤ ነው የሚጠይቀኝ፣ ዘግቼዋለሁ፣ ዘግቼዋለሁ መሰለኝ፣ እጄ የጋዙን መዝጊያ ሲያጠብቀው ይታወሰኛል፣ ግን ያ የትናንቱ ቢሆንስ፣ ተይ ተናኘ፣ ተይ፣ በሩ ተቆልፏል፣ ለቡ መብራት ኃይል ታክሲ መያዣው ጋ ደርሰናል፣ ልጄ ናፍቆት አጠገቤ ቆማ የቦርሳዋን ማንገቻ ታኝካለች፣ ዛሬ ፈተና አላት። የትናንቱ አምልጧታል። ከዚሁ ቦታ ተመልሰን ሲሊንደሩን ስናይ፣ ስንወጣ፣ ደግመን ስንመለስ ረፈደ። ዛሬ አንመለስም፣ ቢፈነዳም አንመለስም፣ ውይ አፌን ቁርጥ ያርገው።

እኔን አትመስልም። መካኒሳ አቦ ያለችው እህቴ ሳትቀር ትለኛለች፣ ይቺ ልጅ በማን ወጣች፣ በማን እንደወጣች በምን አውቄ፣ ጥርስ ሳታበቅል ነው በማደጎ የተሰጠችኝ፣ ራሷም ታውቃለች፣ አልደበቅኳትም። ታዲያ ባለፈው፣ ናፍቆት ሲሊንደሩን ደጋግማ ማየት ስታበዛ የወሰድኳት ሐኪም፣ በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ደጋግሞ የሚያይ፣ የሚጨነቅ ሰው አለ ወይ፣ በዘርም በአስተዳደግም ሊመጣ ይችላል ሲለኝ እናቴ ድቅን አለችብኝ፣ ልጅ ገብቶበት እንዳይሆን እያለች የውሃ በርሜሉን ስትከፍት ስትዘጋ፣ እኛ ልጆቿ ሁላችን ፊቷ ተቀምጠን እያየናት። እሺ፣ እኔ ከእናቴ በደም ወረስኩት እንበል። ናፍቆትስ? ደሜ የላትም። እኔን እያየች ነው።

ደነገጥኩ፣ ከድንጋጤው ሥር ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። መሰለችኝ። ሲሊንደሩ ላይ ጎንበስ ብላ አንገቷን ዘንበል ስታደርግ ቁርጥ እኔን፣ ምን ዓይነት እናት ነሽ አንቺ፣ የምታወርሺው ጠፍቶ ይሄን።

እማ። ወዬ። ሲሊንደሩን ዘግተሽዋል?

ይኸው መጣች። እቺን ጥያቄ አትመልሺላት ብሏል ሐኪሙ፣ ዘግቻለሁ ባልሻት ቁጥር ጭንቀቱን እየቀለብሽው ነው፣ አላውቅም በያትና መንገዳችሁን ቀጥሉ። ለእሱ ቀላል ነው። ዘግቼዋለሁ የኔ ማር ብላት እኮ አሁን ፊቷ ፈካ ይላል፣ ታክሲው ጋርመንት እስኪደርስ እንኳ፣ ከዚያ ደግማ ትጠይቀኛለች፣ ፈተናው ላይ ተቀምጣ ደግሞ ራሷን ትጠይቃለች፣ አውቃለሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እዚያው ውስጥ ነኝ፣ ግን እንዴት አድርጌ ነው ልጄን የማላረጋጋት፣ እንባዋን አትጥረጊ ቢለኝ ይሻል ነበር።

መጋረጃው በእሳት ሲያያዝ ይታየኛል፣ ቦርሳዬ ውስጥ የቤቱን ቁልፍ ጨብጫለሁ፣ ሮጥ ብል ደርሼ እመለሳለሁ፣ ወያላው ጋርመንት ጋርመንት ሁለት ሰው፣ እናት ፈጠን በይ፣ ትገቢያለሽ ወይስ እንሂድ።

አላውቅም ናፊ፣ እላታለሁ። እውነቴን ነው። አላውቅም።

ቀና ብላ ታየኛለች፣ ልታለቅስ ነው፣ ወደ ቤት ልመልሳት፣ ዘግቼዋለሁ ልበላት፣ የለም። አንቺም ፈርተሻል እንዴ እማ? ትለኛለች። በጣም።

ማንገቻውን ከአፏ ታወጣለች። ቀድማኝ ትገባለች፣ ጠጋ ብላ ቦታ ትለቅልኛለች፣ እጇን ትዘረጋልኛለች፣ ትኩስ ነው፣ ላብ በላብ ነው፣ ነይ እማ፣ በቃ ሁለታችንም ሳናውቅ እንሂድ።