ዙሪያውን የተላጠው ጥቁር እንጨት

በኮሮናው ዓመት ልጄ ሐረገ ወይን ሳል ጸንቶባት ትንፋሽ አጠራት። መድኃኒት ዐዋቂው አያ ዘመኑ፣ «በደብሩ ግቢ ካለው ጥቁር እንጨት ከተባለው ዛፍ ልጠሽ አፍልተሽ አጠጫት። ግን ፀሐይ ከምትወጣበት ጎን ብቻ ነው፤ መዳፍ የምታህል» አሉኝ። መዳፍ የምታህል ልጣጭ ልጅ የምታድን አልመሰለኝም። ፈራሁና ግንዱን ዙሪያውን ላጥሁት። ልጄ ዳነች። ዛፉ ግን ከጫፉ ጀምሮ እየደረቀ መጣ።

ዘንድሮ ከውጭ አገር በመጣ ርዳታ አርብ ገበያ አጠገብ ችግኝ ጣቢያ ተከፈተ። ኮሮና ከጎዳው ቤት ሁሉ አንድ አንድ ሰው ሥራ እንዲያገኝ፣ የተራቆተው ተራራም አገር በቀል ዛፍ እንዲለብስ ነው አሉ። ሐረገ ወይን ያኔ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንደ ወጣች አልተመለሰችም፤ አሁን ዐረብ አገር ልሂድ ትላለች። ሥራ ካገኘች ትቀርልኛለች ብዬ ስሟን በገዛ እጄ ጽፌ ሰጠሁ።

የምዝገባው ዕለት ሰው በደብሩ ደጅ ተሰብስቦ ሳለ የችግኝ ጣቢያው ባለሙያ ፍሬሕይወት ዘር ልትለቅም ወደ ግቢው ገባች። በአካባቢው ያለው ጥቁር እንጨት እሱ ብቻ ነው። ዙሪያውን ዞራ አየችው።

«ደን ያጠፋ ሰው ቤቱ አይመዘገብም» አለች።

ሰው ሁሉ ወደ አያ ዘመኑ ዞረ።

«ቅጠል በጣሹ እያሉ ሌላ ማን ይጠየቃል?» አለ አንዱ። «ፍየል እንኳ ቅጠል ነው የምትቀነጥብ፤ ግንድ አትገሽልጥም።»

«ፍየል ብሆን ቀንድ ይኖረኝ ነበር» አሉ አያ ዘመኑ። ወደ እኔ አላዩም። ሚስታቸው በኮሮና ነው የሞተችው፤ የእሳቸውም ስም ከመዝገቡ ላይ ነበረ።

ቄሱ አባ ወልደ ገብርኤል መስቀላቸውን አወጡ። «የላጠው ሰው ይናገር። አለዚያ እገዝታለሁ።»

ፍሬሕይወት በአያ ዘመኑ ስም ላይ እስክሪብቶዋን አሳረፈች።

«አባ፣ እኔ ነኝ» አልሁ። «እሳቸው መዳፍ የምታህል ነበር ያሉኝ።»

ፍሬሕይወት እስክሪብቶዋን ከአያ ዘመኑ ስም ላይ አነሣች። «ደንቡን እኔ አላወጣሁትም፣ እትዬ» አለችና የልጄን ስም ሰረዘችው። የተሰረዘው ጎበጥ ጎበጥ ያለ ፊደል የእኔው እጅ ጽሕፈት ነበር።

ሰው ሲበተን አያ ዘመኑ ወደ ዛፉ ጠሩኝ። የረገፈውን ቅጠል በበትራቸው ገለጥ አደረጉ። ከሥሩ ስንዝር የማይሞሉ አምስት ችግኞች ቆመዋል።

«ዛፏ ሳትደርቅ ከጣለችው ዘር የበቀሉ ናቸው» አሉ። «ውኃ የሚያጠጣቸው ይፈልጋሉ። ደመወዝ የለውም።»

«ያኔ ለምን አልተናገሩም?»

«አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ።»

በማግሥቱ ጄሪካን አዝዬ ስወጣ ሐረገ ወይን ተከተለችኝ።

«ለእኔ ብለሽ ነው የላጥሽው?»

«አዎ።»

ጄሪካኑን ከጀርባዬ ተቀበለችኝ። ችግኞቹን አንድ በአንድ አጠጣቻቸው።

«ዐረብ አገሩስ?» አልኋት።

«ዝናብ እስኪጥል አለሁ» አለች።

ሰማዩን አየሁ። ክረምቱ ሊገባ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል።